በማንም ስም ቀዳዳ አይከፈትም

ቦንጋ
ጥቅምት 18 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለፈርሐት፣

ኢድ ሙባረክ! አዎ፣ ዘግይቻለሁ፤ ሳትቆጪኝ በፊት ራሴ አምኛለሁ። በበዓሉ እናትሽ ቤት ሄጄ ያንቺንም ድርሻ በልቼ ነው የወጣሁት። እትዬ ረቢያ ደህና ናቸው፤ ሱቁም ደህና ነው። ሰላም በይልኝ ብለዋል፤ አዲስ አበባ ሆና ቀጠነች የሚል ወሬ ሰምተው ተናደዋል።

አልታመምኩም። አላኮረፍኩም። አላገባሁምም፤ ያንን ወሬ ማን እንዳቀበለሽ አውቃለሁ፣ ካሚልን ሳገኘው እነግረዋለሁ። ለኢሜይሎችሽ ዝም ያልኩት በኢሜይል የማይመለስ ነገር ስለገጠመኝ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የምትጽፊልኝን ሁሉ በወንድምሽ በካሚል አይሱዙ ብቻ ላኪልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና አንድ የእርሻ ድርጅት ለንብና ደን ቡና ማኅበራችን ኮምፒውተርና የኢንተርኔት መስመር እንደሰጠ ነግሬሽ ነበር። ዋናው ማሽን ሊነክስ የሚባል ሶፍትዌር የተጫነበት ሰርቨር ነው፤ ቢሯችን ውስጥ ቁልፍ ባለው የእንጨት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። እኔ የምሠራው አጠገቡ ካለው ሁለተኛ ኮምፒውተር ሆኜ ነው። ሰርቨሩ ውስጥ ያለው የማንኪራ ካርታ ነው። አንቺ የሱቅ ልጅ ስለሆንሽ ላታውቂው ትችያለሽ እንጂ ማንኪራ መንደር ውስጥ እያንዳንዱ ቤተሰብ ቀፎ የሚሰቅልበት፣ ቡና የሚለቅምበት የራሱ ጫካ አለው፤ ኮቦ ይሉታል። ወረቀት የለውም፤ ሁሉም ግን ወሰኑን ያውቃል። ክረምቱን ሙሉ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጭቃ እየረገጥኩ በጂፒኤስ ለካሁት። የነገሩኝ ወሰኑን ብቻ አይደለም። የትኛው ኮቦ ባለቤቱ እንደሞተ፣ የየትኛው ልጅ ርቆ እንደቀረ፣ በየትኛው ላይ ወንድማማቾች እንደተኳረፉ ሁሉ ነግረውኛል። አምነውኝ ነው። ካርታው ሲያልቅ ማኅበሩ ለአባላቱ የይዞታ ማረጋገጫ ይጠይቅበታል።

አሁን ደግሞ ያው የሰጠን ድርጅት ማንኪራ ላይ «ባዶ መሬት» ለእርሻ እየጠየቀ ነው። ባዶ! የትኛው ጫካ ደካማ ባለቤት እንዳለው የሚያሳይ ካርታ እጁ ቢገባ ከእኛ ቀድሞ ያንኑ መርጦ ይጠይቃል። እኔም ካለፈው ሳምንት ወዲህ ማናችንም ሳንሠራ የሞደሙ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አያለሁ።

አንቺ ስትማሪም ስትሠሪም በዚህ ነገር ላይ ነሽ። የፋየርዎሉን ደንቦች አትሜ አያይዤልሻለሁ። አንብቢና ማን እየገባብኝ እንደሆነ ንገሪኝ። ጠንከር ብለሽ ንገሪኝ፤ አታባብዪኝ።

ያንቺው አብርሆት

አዲስ አበባ
ጥቅምት 27 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለአብርሆት፣

አልቀጠንኩም። ይህን መጀመሪያ ለእናቴ ንገሪልኝ።

አላባብልሽም። የመጀመሪያዋ መስመር ላይ ያለው አድራሻ የድርጅቱ የአዲስ አበባ ቢሮ ነው። እንዴት እንዳወቅሁ አትጠይቂኝ፤ የምሠራው የኢንተርኔት መስመር የሚያድል መሥሪያ ቤት ውስጥ መሆኑን ብቻ አስታውሺ። መስመሯ የምትለው፣ ከዚህ አድራሻ የመጣ ማንኛውም ነገር ሳይጠየቅ ይለፍ ነው። ማሽኑን ሲሰጧችሁ በሩን ለራሳቸው ከፍተው ነው የሰጧችሁ። በቀርፋፋው መስመራችሁ ምክንያት ካርታውን ገና እንዳልጨረሱት እገምታለሁ፤ ግን ጀምረዋል።

አሁን ስሚኝ። ፋየርዎል ማለት ወደ ማሽኑ የሚመጣውን እያንዳንዱን የመረጃ ጥቅል፣ ፓኬት የምንለውን፣ አቁሞ ደንቦቹን ከላይ ወደ ታች የሚያነብበት በረኛ ነው። መጀመሪያ የገጠመው ደንብ ይፈርዳል፤ ከዚያ በታች ያለውን አያነብም። ስለዚህ የላይኛዋን መስመር አጥፊ። በቦታዋ፣ እኛ ጠይቀን የሚመጣልን መልስ ይግባ ብለሽ ጻፊ። ከዚያ ላንቺ ኮምፒውተር መግቢያ ስጪ። መጨረሻ ላይ የቀረውን ሁሉ ዝጊ። ለራስሽ መግቢያ ሳትሰጪ ከዘጋሽ ራስሽን ውጭ ነው የምትቆልፊው፤ እንደማውቅሽ ከሆነ ይህን ታደርጊዋለሽ።

ስለ ጋብቻው ወሬ ይቅርታ። ካሚል አይደለም የነገረኝ፤ ማን እንደሆነ ግን አልናገርም።

ፈርሐት

ቦንጋ
ኅዳር 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለፈርሐት ነገረኛዋ፣

ደብዳቤሽ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ሺሺንዳን ጎብኝቶ መጣ። ካሚል ማር ሊጭን ቸኩሎ ቦንጋን አልፏት ሄደ፤ ደብዳቤውን የሰጠኝ ሲመለስ ነው። ይቅርታ ጠይቆኛል፤ ይቅር አላልኩትም። ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሻል።

መጠበቅ አቃተኝና፣ ከደንቦቹ የላይኛዋ የድርጅቱ መግቢያ እንደሆነች ጠርጥሬ፣ ለሊቀመንበራችን ለጋሽ ቢሻው ነገሩን አስረዳኋቸው። «ደንብ ነው የምትዪው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ደንብ ከሆነ ጠቅላላ ጉባኤ ሳያጸድቀው አይጻፍም።» ቀልድ መስሎኝ ነበር። ማንኪራ ወጣን፤ አባላቱ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ፤ እኔም የሰርቨሩን ደንቦች በካፊኖኖ ቋንቋ እየተረጎምኩ አነበብኩ። መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ጋሽ ቢሻው ተነሥተው፣ «ድሮ አገራችን ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮለት በሩ ላይ በረኛ ይቆም ነበር። የመጣ ሰው ከውጭ ሆኖ ይጠራል፣ ይጠየቃል። ልጅቷ የምትለው ይህንኑ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ እኔ ነኝ መከተል ያቃተኝ፤ የጥያቄውን ብዛት አትጠይቂኝ።

ድርጅቱ እንዳይገባ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። ቃለ ጉባኤ ያዧ እትዬ አበዛሽም ውሳኔውን ከታች ጻፉት። በእኛ ማኅበር አዲስ ውሳኔ ሁልጊዜ ከታች ነው የሚጻፈው፤ የታችኛው የላይኛውን ይሽራል። እኔም ቢሮ ተመልሼ ቃለ ጉባኤው እንዳለ ሰርቨሩ ውስጥ አስገባሁት፤ «ድርጅቱ ይለፍ» ከላይ፣ «ድርጅቱ አይለፍ» ከታች። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ቀጠለ። በማግሥቱ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ቁጭ ብዬ በንዴት አለቀስኩ፣ ከዚያ ሳቅሁ፣ ከዚያ እንደገና ማንኪራ ወጣሁ።

እትዬ አበዛሽ አልተዋጠላቸውም። «የቀድሞውን የማይሽር ውሳኔ ለምን ይወሰናል?» አሉኝ። «እትዬ፣ ይህ ማሽን መጀመሪያ የሰማውን ነው የሚይዘው» አልኳቸው። «እንደ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና» አሉ፤ ጉባኤው ፈረሰ በሳቅ። ለማሽኑ ብቻ የሚሠራ ማሻሻያ ጸደቀ፤ የድርጅቱ መስመር ትጥፋ፣ የጠየቅነው መልስ ይግባ፣ የቀረው ይዘጋ።

ከዚያ ያንቺን ምክር አቀረብኩ፤ ለእኔ ኮምፒውተር መግቢያ ይሰጥ አልኩ። ጋሽ ቢሻው ራሳቸው ተነሡ። «ለምንድን ነው በአንቺ ስም ቀዳዳ የሚከፈተው? እኛ በስማችን ቀዳዳ አለን?» በድርጅቱ ላይ ያቀረብኩትን ክርክር ነው መልሰው የሰጡኝ። በማንም ስም ቀዳዳ አይከፈትም ተብሎ ተወሰነ። እጅ ቆጥረው።

ጻፍኩት፤ ኮምፒውተሬ ወዲያው ተቆረጠ። እንዳልሽው ራሴን ውጭ ቆለፍኩ፤ ግን በቸልታ ሳይሆን በጉባኤ ውሳኔ። አሁን ሰርቨሩን መንካት ስፈልግ ቁም ሳጥኑን አስከፍቼ ቆሜ ነው የምሠራው። ቁልፉ ደግሞ ከጋሽ ቢሻው ጋር ማንኪራ ይውላል። ተናድጃለሁ። ግን ፈርሐት፣ መብራቱ ጠፍቷል! ስንሠራ ይበራል፣ ስንተው ይተዋል። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

አብርሆት

አዲስ አበባ
ኅዳር 25 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለአብርሆት በጉባኤ ለተቆለፈችው፣

ቢሮ ውስጥ ድምፄን አውጥቼ ስቄ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፋየርዎል እጅ አውጥቶ የሚያጸድቅ ማኅበር እዚህ ለማንም ብናገር አያምነኝም። ለእትዬ አበዛሽ ሰላምታዬን አድርሺ።

ሳቁ እዚህ ላይ ይብቃ። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል የድርጅቱ ሰው መሥሪያ ቤታችን መጥቶ ነበር። መስመሩ «ተበላሽቷል» ብሎ ነው የመጣው። አለመበላሸቱን ሲያውቅ ፊቱ ተለወጠ። ለብቻዬ ያለኝም ነገር አለ፤ እሱን አሁን አልጽፍልሽም፤ ሌላ ጊዜ። በቅርቡ ቦንጋ ይወርዳል። ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ የውል ቅጂ ይዞ ነው የሚመጣው። ደመወዝሽ ከእነሱ በጀት እንደሚከፈል አትርሺ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልምከርሽ፤ እናቴ ፊት እንደምልሽ ስሚኝ። አትጣዪው። ክፈቺ ሲልሽ እሺ በይ። የእሱን መስመር ጻፊለት፤ ግን ከሁሉም በታች፣ ከመዝጊያው መስመር ቀጥሎ። በረኛው እዚያ ድረስ አያነብም። አድራሻውን ተጽፎ ያያል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ምንም አይገባለትም። መጀመሪያ በስህተት ያደረግሽውን አሁን አውቀሽ አድርጊው። ሥራሽም ይተርፋል፣ ካርታውም ይተርፋል።

ካሚል ባዶ እጁን ሳይሆን መልስሽን ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።

ፈርሐት

ቦንጋ
ታኅሣሥ 11 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለፈርሐት፣

ምክርሽን አልተቀበልኩም። አትቀየሚኝ፤ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ ብልሃቱም ብልሃት ነው። ግን አስቢው። ስሙን ከታች ጽፌ ባሳየው፣ አትሚልኝ ይለኛል። ማኅበሩ ፈቅዷል የሚል ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ማሽኑ ባያስገባውም ወረቀቱ ያስገባዋል። ደግሞ ሌላም አለ፤ ፈርቼ እሺ ማለት አልፈለግሁም። እምቢ ማለት እየቻልኩ ለምን ተደብቄ እምቢ እላለሁ?

አቶ ወልደ ጊዮርጊስ መጣ። ቁመናው ያማረ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። መምጣቱን ሰምተሽ በካሚል በቃል የላክሽብኝን ጥያቄ ልመልስ፤ አዎ፣ ብቻዬን ነበርኩ። አልተቀመጠም።

«የሜንቴናንስ መግቢያችንን ማን ነው የዘጋው?»

«ጠቅላላ ጉባኤው።»

«እኔ የጠየቅሁሽ ኪቦርዱን ማን ነካ ነው።»

«እኔ። ጉባኤው ወሰነ፣ እኔ ጻፍኩ።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ክፈቺው። ማሽኑ የእኛ ነው።»

«ማሽኑን ውሰዱት። ካርታው የእኛ ነው። አልከፍትም።»

ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽሽም። ግን አልኩት። ያቺን ቃል ስትይ አፍሽ ውስጥ እንዴት እንደምትጣፍጥ ብነግርሽ! ከዚያ ከሥራ እንደሚያስወጣኝ፣ ዳግመኛ የትም እንዳልቀጠር እንደሚያደርግ ነገረኝ። እሺ አልኩት። በገዛ ኮምፒውተሬ ሊሞክር ተቀመጠ፤ በረኛው እሱንም እኔንም እኩል መለሰን። «አንቺስ እንዴት ነው የምትገቢው?» አለ። «አልገባም። በማንም ስም ቀዳዳ የለም። ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ቆሜ ነው የምሠራው፤ ቁልፉም ማንኪራ ነው» አልኩት። መጀመሪያ አላመነኝም። ሲያምነኝ ደግሞ የባሰ ተናደደ። ያን ቀን ነው ጋሽ ቢሻው ምን እንዳደረጉልኝ የገባኝ። መግቢያ ቢኖረኝ ኖሮ እስክከፍት ድረስ ያስጨንቀኝ ነበር።

በዚያ ጫማ ማንኪራ ወጣ። እኔ አልነበርኩም፤ የነገሩኝ እትዬ አበዛሽ ናቸው። ቁልፉን ስጡኝ ሲላቸው ስብሰባ ጠሩለት። ጥያቄውን አጀንዳ አድርገው ያዙለት፤ ከማር በርሜሎች ግዢ ጉዳይ ቀጥሎ። ተራው እስኪደርስ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ተራው ሲደርስ ጋሽ ቢሻው፣ «ባዶ ነው ያላችሁት የቱ ነው?» ብለው ጠየቁት። ወደ ቁልቁለቱ ጠቆመ። እትዬ አበዛሽ ከቃለ ጉባኤው ላይ ቀና ብለው፣ «እሱ የባለቤቴ ኮቦ ነው። ቀፎዎቹ ዛፉ ላይ ናቸው፤ ቀና ብለህ እይ» አሉት። ቀና ብሎ አየ አሉ። ከዚያ እጅ ቆጠሩ። ለእሱ የወጣ እጅ አልነበረም።

በማሽኑ ላይ የሚሆነውን ግን አውቃለሁ፤ መኪና ይዞ ይመለሳል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሰም ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ካሚል ይሰጥሻል። ለጠየቀሽ እናቴ የላከችልኝ ማር ነው በይ። እስክጽፍልሽ አትክፈቺው።

አብርሆት

አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 23 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለአብርሆት፣

አረፋን ብቻዬን አከበርኩ። ማሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አልከፈትኩትም፤ ግን እንዲህ ቀላልና ጠፍጣፋ ማር አይቼ አላውቅም።

ያን ያልጻፍኩልሽን ነገር አሁን ልጻፍ። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ያን ቀን ለብቻዬ፣ «የቦንጋዋ ልጅ ጓደኛሽ ናት አሉ፤ የይለፍ ቃሏን አምጪልኝ፣ ወይም በሌላ በር አስገባሃለሁ በዪኝ» ብሎኝ ነበር። አስብበታለሁ ብዬ ሸኘሁት። አስብበታለሁ! ለዚህ ነው ብልሃት ስመክርሽ የነበረው፤ እኔም እንደዚያ ነበር የቆምኩት፣ እሺም እምቢም ሳልል። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ሳፍር ዋልኩ። እንደገና ሲመጣ አለቃዬ ባለበት፣ «አላመጣልህም፤ ይህን ጥያቄ ደግሞ በጽሑፍ አቅርበው» አልኩት። አላቀረበም። አለቃዬ ከሰርቨር ክፍል አንሥቶ መጋዘን መድቦኛል። አሮጌ ኮምፒውተር እቆጥራለሁ። ግድ የለም። ያልሽው እውነት ነው፤ ቃሏ ትጣፍጣለች።

ሥራሽ እንዴት ሆነ? ማሽኑስ? የጋሽ ቢሻው ቁልፍ የት አለ? ቶሎ ጻፊልኝ። ማሩን ልክፈተው?

ፈርሐት

ቦንጋ
ጥር 16 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለፈርሐት ለመጋዘኗ እመቤት፣

ማሩን ስለከፈትሽው አመሰግናለሁ፤ ልክፈተው ወይ ላልሽው በካሚል በኩል «እሺ» ብዬ በቃል ብመልስም እዚህ ላይ ልጻፈው። ማር ብዬ የላክሁልሽ ዲስክ የካርታው ብቸኛ ቅጂ ነበር። በጉባኤ ውሳኔ ነው የተገለበጠው፤ ላንቺ እንዲላክ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ «የእትዬ ረቢያ ልጅ ናት» ሲባል ማንም አልተከራከረም። ከዚያ ሰርቨሩ ውስጥ ያለውን ደመሰስኩ። እሱም በውሳኔ።

ድርጅቱ ፒክአፕ ይዞ መጣ። ጋሽ ቢሻው ራሳቸው ከማንኪራ ወርደው ቁም ሳጥኑን ከፈቱ። «ውሰዱት፤ ስጦታችሁ ነው» አሏቸው። ተሸክመው ወጡ። ውስጡ ካርታ የለም፣ ስም የለም፤ የቀሩት እነዚያ ሁለት ደንቦች ብቻ ናቸው። ሆን ብዬ ተውኳቸው። ሲከፍቱት ያንብቧቸው።

ሥራዬን የጠየቅሽኝ እንደሆነ፣ ደመወዜ ቀርቷል። ማኅበሩ እስከ መከር ማር እየሰጠኝ ነው፤ በእርግጥ ማር፣ ፈሳሹ። እናትሽ ሱቅ ግማሽ ቀን እሠራለሁ፤ ያንቺ ቦታ ላይ ተቀምጬ ያንቺን ያህል እጨቃጨቃለሁ።

አሁን ዋናው። አትመሽ የላክሽልኝ ካርታ ጥር እንደገባ ደረሰ። አባላቱ ራሳቸው ይዘው ወደ መሬት ቢሮ ሄዱ። ለኪዎቹ ሲመጡ ማንኪራ ሙሉ ወጥቶ እየመራ አሳያቸው፤ እትዬ አበዛሽ ከኮቧቸው ጫፍ ቆመው ቀና በሉ እያሉ ነበር። ማረጋገጫው ገና ታትሞ አልወጣም፤ ግን የድርጅቱ ጥያቄ መሬቱ ባለቤት አለው ተብሎ ተመልሷል። ቀድመናል ፈርሐት። ቀደምናቸው!

ከመጋዘንሽ እልክላችኋለሁ ብለሽ በካሚል የነገርሽንን አሮጌ ማሽን ማኅበሩ በደስታ ተቀብሏል። ገና ሳይደርስ ደንቡን ሊያጸድቁ ትናንት ተሰበሰቡ። የጠየቅነው መልስ ይግባ፤ ጸደቀ። የቀረው ሁሉ ይዘጋ፤ ጸደቀ። አለቀ ብዬ ልነሣ ስል ጋሽ ቢሻው፣ «አንድ ማሻሻያ አለ» አሉ። እትዬ አበዛሽ አነበቡት። ከመዝጊያው በላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ በአንድ ሰው ስም ብቻ መግቢያ ይከፈት፤ እሱም በአብርሆት ስም ይሁን።

ተነሥቼ ተቃወምኩ። እናንተ ያስተማራችሁኝን አልረሳሁም አልኩ፤ በማንም ስም ቀዳዳ አይከፈትም አልኩ፤ ለእኔ ዛሬ ብትከፍቱ ነገ ለሌላው ትከፍታላችሁ አልኩ። በደንብ ሰሙኝ። ከዚያ እጅ ቆጠሩ። ደጋፊው የማንኪራ ሰው ሁሉ፤ ተቃዋሚ አንድ፣ እኔ።

ተሸንፌያለሁ። ተቃውሞዬ ግን ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ አልኩ። እትዬ አበዛሽ እንባዬን እያዩ ጻፉት፤ ከታች።

አብርሆት